የጀርመኑን አብራሪ ያነበብንባቸው ቀናት

ጄኔራሎች የሚጽፉትን መጽሐፍ አልወድም። ሲጀምሩ አየሩ ጥሩ ነበር ይላሉ፣ ሲጨርሱ ጥፋቱ የሌላ ሰው ነው ይላሉ፣ መሃሉን በካርታ ይሞሉታል። ስለዚህ አከራዬ አንድ ቀን ከሥራ ስመለስ በር ላይ ጠብቀው ያንን ወፍራም የጀርመንኛ መጽሐፍ ሲዘረጉልኝ ፊቴን ሳላጨማድድ አልቀረሁም። ቀኑን ሙሉ አዲስ አበባ ጀርመንኛ ሳስተምር ውዬ፣ የቡራዩን ሚኒባስ ተጋፍቼ መጥቼ፣ ደግሞ የአንድ ወታደር ገድል ላንብብ?

አባባ ነው የምላቸው። የሰፈሩ ሰው ኦቦ እያለ ይጠራቸዋል። ቡራዩ ማሳ በነበረበት ጊዜ እዚሁ ተወልደው፣ በወጣትነታቸው ወታደር ቤት ገብተው፣ የጦር አውሮፕላን መካኒክ ሆነው ኖረው ጡረታ የወጡ ሰው ናቸው። ከአባታቸው በተረፈቻቸው መሬት ላይ ጥቂት ክፍሎች ሠርተው ያከራያሉ፤ እኔም ከሰበታ ለቅቄ ከመጣሁ ጀምሮ ከክፍሎቹ በአንዷ ነው የምኖረው። ባለቤታቸውን እማማ እላቸዋለሁ። እሳቸው ለቤተ ክርስቲያን፣ እኔ ለሱብሂ፣ ግቢው ውስጥ ከሁሉ ቀድመን የምንነቃው እኛ ሁለታችን ስለሆንን በደንብ እንግባባለን።

መጽሐፉን ያመጣላቸው ልጃቸው ነው። ሴቷ ልጃቸው አግብታ ዱከም ፋብሪካ ትሠራለች። ወንድ ያላቸው አንድ ብቻ ነው፤ አባቱ ሲጠግኑት የኖሩትን እሱ ያበራል። ለሥልጠና ውጭ አገር በሄደ ጊዜ ከአንድ አሮጌ መጽሐፍ ሻጭ ዘንድ ሽፋኑ ላይ ያለውን አውሮፕላን አይቶ ገዛው። ጀርመንኛ አንዲት ቃል አያውቅም። የጻፈው ሰው ማን እንደሆነ ሻጩ ነግሮት፣ እሱም ለአባቱ ነግሯቸዋል።

«ሁለት የዓለም ጦርነት በርሮ፣ አዛዥ ሆኖ፣ አርጅቶ ነው የሞተው አለኝ» አሉኝ አባባ። «እንዴት እንደዳነ ማወቅ እፈልጋለሁ።»

ልጃቸው ያን ጊዜ በአገራችን በሚካሄደው ጦርነት ውስጥ ነበር። ሱሉልታ ላይ የጀመረውን ቤት ጣሪያ ሳያለብስ፣ ሠርጉን ወደ ሚቀጥለው ዓመት ገፍቶ ነው የሄደው። እንዲህ ብለው ሲጠይቁኝ እምቢ ማለት አልቻልኩም።

ከሥራ ስመለስ በረንዳው ላይ እንቀመጣለን። እኔ በዓይኔ ጀርመንኛውን እያየሁ በአፌ አማርኛ አወጣለሁ፣ አባባ ያዳምጣሉ፣ እማማ ምስር እየለቀሙ የማያዳምጡ ይመስላሉ።

ጀርመናዊው የመንደር አስተማሪ ልጅ ነው። በመጀመሪያው የዓለም ጦርነት እግረኛ ወታደር ሆኖ ዘመተ፤ የምሽጉ ጭቃ ሲያስመርረው ወደ አየር ክፍል ልውጣ ብሎ አመለከተ። መጀመሪያ ከኋላ ተቀምጦ የጠላትን ይዞታ ፎቶ የሚያነሣ ነበር። አንድ ቀን ከፊቱ ያለው አብራሪ ተመትቶ አንገቱን ሲደፋ፣ እሱ ከኋላ ሆኖ የሚይዘው መሪ አልነበረም። አውሮፕላኑ ማሳ ላይ ተከሰከሰ፣ እሱ ተረፈ። ከዚያ ወዲያ ሌላ ሰው በሚያበረው አልወጣም ብሎ ማብረር ተማረ። እዚህ ላይ አባባ ራሳቸውን ነቀነቁ። የሚፈልጉትን ነገር ያገኙ መስሏቸው ነው።

ልጃቸው በዚያው ሰሞን ሲደውል ይህንኑ ነገሩት። ስልኩን ድምፅ ማጉያ ላይ አድርገውት ነበርና ልጁ ሲስቅ ሰማሁት። መሪውንማ የምይዘው እኔው ነኝ አባዬ፣ አታስብ አለ። ለእናቱ አንድ ነገር ሊናገር ሲጀምር መስመሩ ተቋረጠ። ሁልጊዜም እንዲህ ስለሚቋረጥ ማንም ከቁም ነገር አልቆጠረውም።

ከጦርነቱ በኋላ ጀርመን የጦር አውሮፕላን እንዳይኖራት ተከለከለች። ሰውዬው ሲቪል ለብሶ፣ ፖስታ አመላላሽ ነኝ እያለ፣ ወጣቶችን በስውር ያሠለጥን ጀመር። አዲሶቹ ገዢዎች ሥልጣን ሲይዙ ስውሩ ነገር ይፋ ወጣ፣ ለእሱም ሹመት መጣለት። ስለ እነዚያ ገዢዎች የጻፈው ሁለት መስመር ነው። ስለ አዲሱ ሞተር ግን ሙሉ ምዕራፍ ጽፏል። ደሜ ፈላና መጽሐፉን ዘጋሁት። ይሄ ሰውዬ ማንን እንዳገለገለ አያውቅም እንዴ አልኩ። አባባ ጢማቸውን እያሻሹ፣ ወታደር ቤት ስለ ሞተር ማውራት ነው የሚቀለው አሉኝ። ስለ ሌላው ማውራት ከጀመሩ ሥራው አይሠራም አሉ።

ሁለተኛው የዓለም ጦርነት ሲነሣ ፖላንድ ላይ የቦምብ ጣዮች ምድብ አዛዥ ሆኖ ነበር፤ ራሱ ከፊት እየመራ ይበር ነበር። አንዲት የገበያ ከተማ ከላይ ሲያያት የጣሪያዎቿ ቀለም ቀይ ነበር ይላል። ሲመለሱ የሚታየው ጭስ ብቻ ነበር ይላል። ከዚያ ስለ ነዳጅ ፍጆታ ይቀጥላል።

እማማ ምስሩን መልቀም አቆሙ። ሰዎቹስ ብለው ጠየቁኝ። ስለ ሰዎቹ አልጻፈም አልኳቸው። ወደ ባላቸው ዞረው አዩ። አባባ በወጣትነታቸው ሞተር ሲጠግኑ ብቻ አልነበሩም፤ ቦምብ ሲጭኑም ኖረዋል። ዓይናቸውን ወደ ግቢው በር መልሰው የዚያን ቀን ንባብ በቃን አሉ።

ያን ሰሞን በሰፈራችን ሰማይ የሚያልፈው አውሮፕላን በርክቶ ነበር። ድምፁ ሲመጣ ምዕመናን ከቅዳሴ ሲወጡም፣ ሴቶች ውኃ ሲቀዱም ቀና ይላሉ። ቀና የማይሉት አባባ ብቻ ናቸው። ድምፁን በጆሯቸው ይለዩታል፤ የመንገደኛ ነው፣ የጭነት ነው፣ ይላሉ። አንዳንዴ ደግሞ ምንም አይሉም። ያኔ የጦር አውሮፕላን መሆኑን አውቃለሁ።

ፈረንሳይ ላይ ድል ካደረጉ በኋላ ጀርመናዊው ከፍ ያለ ማዕረግ አገኘና ከእንግዲህ ራስህ አትበርም ተባለ። ትልቅ ወንበር፣ ትልቅ ካርታ፣ ሦስት ስልክ። አባባ ይህን ሲሰሙ ወደ እኔ ጠጋ አሉና፣ ታዲያ በኋላስ እንዴት ዳነ አሉኝ። እኔ መቼም አፌ አያርፍም።

«ወንበር ላይ ስለተቀመጠ ነው የዳነው፣ አባባ» አልኳቸው።

ብዙ ገጽ ሙሉ የጠበቁት ዘዴ ነበር። አንድ የበረራ ብልሃት፣ አንድ ለልጃቸው የሚነግሩት ነገር። ፊታቸው ሲጠቁር ምነው ባልተናገርኩ አልኩ። «ልጄ ለአዛዥነት ገና ነው» አሉ።

ከዚያ የልጁ ስልክ ዝም አለ። ጥሪ አይቀበልም ትላለች ያቺ የቴሌ ሴትዮ። ኔትወርክ የለም ይሆናል አልን። ሆኖም ሰፈሩ ሌላ ዓይነት ሆኖብኝ ነበር። ባለሱቋ ሴት፣ ስለ ሰው ሁሉ ሳታወራ ስኳር ሰጥታኝ የማታውቀዋ፣ መልሱን በዝምታ አቀበለችኝ። የአባባ ታናሽ ወንድም፣ በሆለታ መንገድ ገባ ብሎ የሚያርሰው፣ አጨዳው ሳያልቅ በሥራ ቀን መጣና «ነጋ?» ብሎ በኦሮምኛ ሰላምታ ሰጥቶ፣ የቀረበለትን ሳይቀምስ ሄደ። አባባ፣ ወንድሜን ምን ነካው፣ ከሚስቱ ጋር ተጣልቶ ይሆን አሉ። እማማ ነገሩን አልወደዱትም፤ ሲሄድ ዓይኔን አላየኝም አሉ።

በማግስቱ የእድራችን ዳኛ የሚኒባስ ሰልፍ ላይ አግኝቶ ወደ ጥግ ወሰደኝ። ልጁ የሚያበረው ተመትቶ ወድቋል፣ እዚያው ተቀብሯል አለኝ። አንድ የሥራ ባልደረባው ለአባባ ወንድም ደውሎ ነው የተሰማው። ወደ ግድግዳው ዞሬ አለቀስኩ። ሰልፈኛው እያየኝ ነበር፣ ግድ አልሰጠኝም።

ታዲያ ለምን አትነግሯቸውም አልኩት። መርዶ በስልክ አይነገርም፣ ሲመሽም አይነገርም፤ ይህን እኔም አውቃለሁ። እህቱ ሕፃን ታጠባለች፣ ዱከም ድረስ ተሄዶ በዘዴ ተነግሯት መምጣት አለባት። እማማ የደም ብዛት አለባቸው፣ ነርስ የሆነች ዘመዳቸው በአጠገባቸው እንድትገኝ ተፈልጓል። ስለዚህ ቅዳሜ ጎህ ሲቀድ ይሁን ተባለ። እስከዚያ የእኔ ድርሻ ቴሌቪዥኑ እንዳይከፈት እያዘናጋሁ ማንበቤን መቀጠል ነበር።

እንደዚያ ያለ ንባብ ጠላቴም አይግጠመው። መርዶውን አፌ ውስጥ ይዤ ሩሲያ ገባሁ።

አዛዡ መሥሪያ ቤቱን ባቡር ፉርጎ ውስጥ አድርጓል። ውጭ በረዶ ነው። ሞተሮቹ ደርቀው አልነሣ ሲሉ መካኒኮቹ ከሥራቸው እሳት አንድደው ያሟሟቋቸዋል። ይህን አባባ ወደዱት፤ እሳቸውም አንድ ጊዜ በብርድ አገር ምን እንዳደረጉ ሲያጫውቱኝ ፈገግ እንኳ ብለው ነበር። እማማም ሲስቁ እኔ ቀና ብዬ ማየት አቃተኝ። ከዚያ አንድ ትልቅ ሠራዊት በጠላት ተከበበና ስንቁ በአየር ይግባለት የሚል ትእዛዝ መጣ። አዛዡ እንደማይሆን አውቆ ነበር። ለበላዮቹ አይሆንም ብያቸው ነበር ይላል። ከዚያ ግን ላከ። ከትምህርት ቤት የወጡ ገና ጢም ያላበቀሉ አብራሪዎችን በጭጋግ ውስጥ ላከ፣ ከሄዱት ብዙዎቹ አልተመለሱም፣ በማግስቱ ሌሎቹን ላከ።

«አውቆ ነው የላከው» አሉ አባባ። ድምፃቸው ቀዝቅዞ ነበር።

ቀጥሎ ያለው ገጽ ላይ ዓይኔ ቀድሞ ደረሰ። ለሞቱት አብራሪዎች ወላጆች ስለሚላከው ደብዳቤ ነው። ሁለት ገጽ አንድ ላይ ገለጥኩ።

«ዘለልሽ» አሉኝ።

ወረቀቱ ተጣብቆ ነው ብዬ ተመለስኩ፤ ሌላ ምን እላለሁ? አዛዡ በመጀመሪያ ለእያንዳንዷ እናት በእጁ ይጽፍ ነበር። ሟቾቹ ሲበዙ ጸሐፊው አንድ ጥሩ ደብዳቤ አርቅቆ አባዛለት። ልጅዎ ሳይሠቃይ ነው ያረፈው የሚል፣ ጓደኞቹ ሁሉ ይወዱት ነበር የሚል። ስሙ ብቻ ይጨመርበታል፣ እሱ ይፈርማል። እጁ ሲደክመው ፊርማውን በማኅተም አስቀረጸው። ይህንን ሁሉ ያለ አንዳች እፍረት፣ ጥሩ የቢሮ አሠራር እንደሚያስረዳ ሰው ነው የጻፈው።

አባባ መጽሐፉን ከእጄ ወስደው ዘጉት። ከዚያ፣ «ሞት በወረቀት ይነገራል?» አሉ። «ሰው ነው መሄድ ያለበት። በእግሩ።»

የእድራችን መርዶ ነጋሪ እሳቸው ናቸው። ይህን ሥራ ወታደር ቤት ሳሉ ጀምረውት፣ ጡረታ ሲወጡ ሰፈሩ ተረከባቸው። ያን ቀን እንዴት እንደሚሠራ ነገሩኝ፤ ጀርመናዊው ፊታቸው ተቀምጦ የሚሰማቸው ይመስል ነበር። በር ላይ ቆሞ አይነገርም። ገብተው ሰውየውን ያስቀምጡታል፣ ሁለት እጁን ይይዛሉ፣ እጁ ከተለቀቀ ፊቱን ይቧጭራልና። ታሟል፣ ተጎድቷል እያሉ ነገር አያለዝቡም፣ ያ ሁለት ጊዜ መግደል ነው አሉኝ። አንድ ጊዜ በግልጽ ይናገራሉ፣ የመጀመሪያው እንባ እስኪወጣለት ከአጠገቡ አይነሡም። የሚሄዱበትን ቤት አስቀድሞ የሚያውቀው የእድሩ ዳኛ ብቻ ነው። ወሬው እንዳይሾልክ ለሌሎቹ የሚነገራቸው መንገድ ላይ ነው፤ ለመርዶ ነጋሪውም ቢሆን። ይህን ሲነግሩኝ እጃቸውን እያየሁ ነበር።

ሽማግሌዎቹ የቸገራቸውም ይኸው ነበር። እሳቸውን ማን ያርዳቸው? ሁሉም እኔ አልችልም አለ። ጎህ ሲቀድ በራቸውን ቢያንኳኩ፣ ለሥራ የመጡባቸው መስሏቸው ኮታቸውን ደርበው ነው የሚወጡት። በመጨረሻ ዳኛው፣ እንግዲያው እንደ ሁልጊዜው እንጥራው አለ። አብሮን ይውጣ፣ እንዙርና ወደ ራሱ ቤት እንመልሰው።

ይህን ሲነግረኝ ተቆጣሁ። ሽማግሌ አይደለህም እንዴ፣ በአዛውንት ላይ እንዲህ ያለ ማታለል ይሠራል ወይ አልኩት። አልተቆጣኝም።

«ደጃፉ ላይ ብንነግረው እሱም ይወድቃል፣ ሚስቱም አብራው ትወድቃለች» አለኝ። «መንገድ ላይ ከሆነ ግን እሱን እኛ እንይዘዋለን። እሷን እሱ ይይዛታል።»

ልክ ነበር ወይ ብትሉኝ ዛሬም አላውቅም።

ዓርብ አመሻሽ ላይ ዳኛው መጥቶ፣ ነገ ማልደን የምንደርስበት ቤት አለ አላቸው። አባባ የማን ነው ብለው አልጠየቁም፤ ደንቡ ነው። ጥቁር ኮታቸውን ከሚስማሩ ላይ አውርደው ለእማማ ሰጧቸው፤ እማማ አራገፉት፣ አንገቱ ላይ የነበረውን ክር በጥርሳቸው በጠሱ። አባባ የሰፈሩን ጣሪያዎች እያዩ፣ ከወፍጮ ቤቱ ጀርባ ያሉት በሽተኛ ሽማግሌ ይሆኑ እንዴ ብለው ለራሳቸው አጉተመተሙ። ነገ ጠዋት ስለማይመቸኝ ንባቡን ከሰዓት እናደርገዋለን አሉኝ። እሺ አባባ አልኳቸው።

ሱብሂ ሰግጄ ስወጣ ሰዎቹ በር ላይ ነበሩ። «አካም ቡልተኒ»፣ እንዴት አደራችሁ፣ ተባባሉ ዝቅ ባለ ድምፅ። ማንም ማንንም አያይም። አባባ እንደ ልማዳቸው ከፊት ሆነው ወጡ፣ በሩ ተዘጋ፣ እኔና እማማ ቀረን።

እማማ ለእሳቸው መታጠቢያ ውኃ ጣዱ። ከዚህ ሥራ ሲመለስ ብርድ ገብቶት ነው የሚመጣው፣ ቀኑን ሙሉ እህል አይቀምስም አሉኝ። ባላቸው ለመርዶ በወጡ ቁጥር እንቅልፍ እንደማይወስዳቸው፣ ለማያውቁት ቤት እንደሚጸልዩ ነገሩኝ። ነጠላቸውን ሳብ አድርገው ወደ ጣሪያዎቹ አዩ።

«አሁን አንዷ እናት ተኝታለች፣ ልጄ» አሉ። «ምንም አታውቅም። ትንሽ ትተኛላት።»

ባልዲውን ይዤ ስለነበር ላስቀምጠው ጎንበስ አልኩ። ቀና ማለት ግን አቃተኝ። እማማ ወገቤን ያመመኝ መስሏቸው ቁጭ በይ አሉኝ።

በመንገድ የሆነውን ኋላ ዳኛው ነው የነገረኝ። ወደ አምቦ መንገድ ወርደው፣ በቤተ ክርስቲያኑ ጀርባ ዞረው፣ ወፍጮ ቤቱ ጋ ሲደርሱ አባባ ፍጥነታቸውን ቀነሱ። በሽተኛው ሽማግሌ ናቸው ወይ ብለው ጠየቁ። ዳኛው አይደሉም አለ። ከዚያ ወደ ሰፈራችን የሚመልሰውን ቅያስ ያዙ። ቅያሱ ጫፍ ላይ ወንድማቸው ቆሟል። ከአጠገቡ ዱከም መሆን የነበረባት ልጃቸው ቆማለች፣ ሕፃኑን አዝላ፣ ጥቁር ለብሳ።

አባባ መቼ ብለው ብቻ ጠየቁ። ዳኛው ነገራቸው። ድንጋይ ላይ አስቀመጧቸው፣ ሁለት እጃቸውን ያዟቸው። በኮታቸው እጅጌ ውስጥ ፊታቸውን ቀብረው አለቀሱ። ድምፅ አላወጡም፤ እማማ እንዳይሰሙ ነው፣ ቤቱ ቅርብ ነበርና። ከዚያ ተነሥተው ፊታቸውን ጠረጉ። ወንድማቸው እኔ ልንገራት ቢላቸው እምቢ አሉ። ሥራዬ ነው አሉት።

በሩ ሲከፈት ፀሐይ ወጥታ ነበር። አባባ ከፊት፣ ሰዎቹ ከኋላ ናቸው፤ ልጃቸውንና ወንድማቸውን ከአጥሩ ውጭ አቁመዋቸዋል። እማማ የሞቀውን ውኃ በጆግ ይዘው ተቀበሏቸው።

በኦሮምኛ ነው የተናገሩት። ዛሬስ ቶሎ ጨረሳችሁ አሉ። አባባ ጆጉን ከእጃቸው ወስደው መሬት አስቀመጡት። ክንዳቸውን ይዘው ደረጃው ላይ አስቀመጧቸው፣ እሳቸውም ከፊታቸው በጉልበታቸው ተቀመጡ። እማማ ባላቸውን አዩ፣ በሩ ላይ የቆሙትን ሰዎች አዩ፣ እንደገና ባላቸውን አዩ።

«የማን ቤት ነበር?» አሉ።

አባባ የእማማን ሁለት እጅ ጥብቅ አድርገው ያዙ።

«ኬኛ» አሏቸው። የእኛ።